ጣና ላይ ተንሳፋፊ መለኪያ ለመልቀቅ ላሰቡ መምህር

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በሌላ አገር ያሉ ተማሪዎች ውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፉ መለኪያዎችን በኢንተርኔት እየተከታተሉ ስለ ውሃ ፍሰትና ሙቀት እንደሚማሩ አነበብኩ። እኛ ባሕር የለንም። ተማሪዎቼ ይህን ጣና ላይ ሊሠሩት ይችላሉ? ከየት እንጀምር? አንዷ ተማሪዬ ደግሞ ‹የለቀቅነው ቢጠፋስ?› ብላኛለች፤ ምን ልበላት?»

ጤና ይስጥልኝ መምህር።

በደንብ ይቻላል። የጣናን ውሃ ሳጠና ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። ከትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስታዬ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስ ይታገሱኝ።

«ባሕር የለንም» ባሉት ግን አልስማማም። የከተማችንን ስም ይመልከቱ። ሀገሬው ጣናን ድሮም «ባሕር» ነው የሚለው። ርዝመቱ ወደ 84፣ ወርዱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በሰፊ ገበታ ላይ የፈሰሰ ውሃ ብለው ያስቡት። ይሄ ለተማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ለነፋስ ቶሎ ይታዘዛል። ውቅያኖስ ላይ ሳምንታት የሚፈጅ ነገር እዚህ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይታያል።

መጀመሪያ ውቅያኖስ ላይ ያለው መሣሪያ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። እንግሊዞቹ «ቦይ» ይሉታል። ተማሪዎች ከመስኖ ቦይ ጋር እንዳያምታቱት «ተንሳፋፊ» ብንለው ይሻላል። ላይኛው ክፍሉ ከቅርጫት ኳስ ተለቅ ያለ ክብ ነው። ሆዱ ውስጥ ባትሪና ማስተላለፊያ አለ። ከሥሩ፣ ውሃው በሚነካው በኩል፣ ቴርሞሜትር ተገጥሞለታል። ከዚያ ረጅም ገመድ ወደ ታች ይወርዳል። ገመዱ ጫፍ ላይ ጎንና ጎኑ የተበሳሳ ትልቅ የጨርቅ እጅጌ ተንጠልጥሏል። የእጅጌው መካከል ከውሃው ገጽ 15 ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ቦታውንና ሙቀቱን በሳተላይት ይልካል። በዓለም ውቅያኖሶች ላይ እንዲህ ያሉ ከ1,000 በላይ ተንሳፋፊዎች በአንድ ጊዜ ይዞራሉ። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች አንዱን ተንሳፋፊ እንደ ማደጎ ልጅ ወስደው እንዲከታተሉ ሲያደርግ ቆይቷል። እርስዎ ያነበቡትም ይሄንን ወይም ይሄንን የመሰለ ሥራ ነው።

ያ እጅጌ ለምን አስፈለገ? የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ኳሱ ብቻውን ቢሆን ነፋስ እየገፋ ይወስደው ነበር። እጅጌው ግን ውሃውን ይጨብጣል። ስለዚህ ኳሱ የሚሄደው ውሃው በሄደበት ነው። ተንሳፋፊ ማለት ምስክር ነው። ስለ ውሃው እንዲመሰክርልን ከፈለግን ከነፋሱ ልንሸሽገው ይገባል።

ይህን እኔ የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አራት ባዶ ባለ 5 ሊትር ጄሪካኖች ላይ ቁጥር ጽፌ ጠዋት ለቀቅኋቸው። ከሰዓት ላይ አራቱም አንድ ላይ ዳር ወጡ። ደስ አለኝ፤ «የውሃ ፍሰት ወደ ደቡብ» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አንድ ዓሣ አስጋሪ አባት አጠገቤ መረባቸውን እያራገፉ ያዩኝ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ የነፋሱ መንገድ ነው» አሉኝ። «የውሃውን መንገድ ከፈለግህ የመረቡን ቡሽ አትይ። የመረቡ ሆድ ወዴት እንደተነፋ እይ።» በማግስቱ ጄሪካኖቹን እጀታቸው ብቻ ብቅ እስኪል ድረስ ውሃ ሞልቼ መልሼ ለቀቅኋቸው። ነፋሱ ያው ነበር። ከትናንቱ ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄዱም፤ አቅጣጫቸውም ሌላ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ እስካሁን አልቀደድኩትም።

እንግዲህ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። አንዱ ክፍል ውስጥ ነው፣ አንዱ ሐይቁ ላይ።

ክፍል ውስጥ እውነተኛውን የውቅያኖስ መረጃ ይጠቀሙ። ነፃ ነው፤ ማንም ያወርደዋል፤ በኤክሴል ይከፈታል። ከሁሉም የሶማሊያን ጠረፍ እንዲመርጡ እመክራለሁ። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ ከደቡብ ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል፤ ጠረፉን ተከትሎ ውሃውን ወደ ሰሜን ይነዳዋል። በታኅሣሥና በጥር ነፋሱ ይዞራል። ውሃውም አብሮ ዞሮ ወደ ደቡብ ይፈስሳል። በየዓመቱ ፊቱን እንዲህ የሚያዞር ትልቅ የውቅያኖስ ፍሰት ጥቂት ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ጎረቤታችን ነው። ተማሪዎች የሐምሌን መስመር በቀይ፣ የጥርን በሰማያዊ እርሳስ ካርታ ላይ ያስምሩ። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

የፍጥነቱን ስሌት በእጅ ያሠሯቸው። አንድ ተንሳፋፊ በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ5.00 ዲግሪ ሰሜን ወደ 5.20፣ ከ49.00 ዲግሪ ምሥራቅ ወደ 49.10 ሄደ እንበል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን 22 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 11 ኪሎ ሜትር ሄዷል። በፓይታጎረስ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ስድስት ሰዓት 21,600 ሰከንድ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 1.15 ሜትር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሰው በቀስታ ሲራመድ ያለው ፍጥነት ነው። ተማሪው በክፍሉ ውስጥ ተነስቶ በዚያ ፍጥነት ይራመድ። ቁጥሩ ያኔ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ ሰዓቱ። መረጃው የተጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው። እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጆቹ ስድስት ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ሲጣመሩ ነገሩ ይቀላል፤ ከተጻፈው ላይ ሦስት ይቀንሱ። 06:00 ካለ እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። 12:00 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት። ተማሪዎች ይህን ሳያስተካክሉ «ሌሊት ላይ ውሃው ሞቀ» ብለው ሲከራከሩ አይቻለሁ።

ምስክር ሁሉ ደግሞ አይታመንም። መረጃው ውስጥ እጅጌው አለ ወይስ ተበጥሷል የሚል ምልክት አለ። ከተበጠሰ ተንሳፋፊው ለነፋስ ተጋልጧል፤ ለብቻው ይቀመጥ። አንዳንዴም ተንሳፋፊው በድንገት ቀጥ ያለ መስመር ይዞ በፍጥነት ይነጉዳል፤ ሙቀቱ ቀን ቀን በጣም ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል። ያኔ መርከብ አንስቶታል ማለት ነው፤ የሚለካው የመርከቡን ወለል ሙቀት ነው። ይህን እንዲያገኙ ለተማሪዎች አይንገሯቸው። እነሱ ሲያገኙት ነው ደስ የሚለው።

ከዋናው ጉዳይ ትንሽ ልውጣ። በተንሳፋፊዎች መንገድ ላይ እንደ ክር ጥቅል ያሉ ክብ ክቦች ያያሉ። መነሻቸው የምድር መሽከርከር ነው። ነፋስ ገፍቶ የተወው ውሃ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ይዞራል። አንዱ ዙር የሚፈጀው ጊዜ እንደ ኬክሮሱ ነው። በ30 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንደኛ ባለ 12 ዲግሪ ላይ 58 ሰዓት ገደማ። ጎበዝ ተማሪ ካለዎት ክቡን ብቻ ይስጡትና «ይህ ተንሳፋፊ የት ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ስለ ሙቀቱ አጭር ልበል። በሐምሌ የሶማሊያ ጠረፍ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ የላዩን ውሃ ከጠረፉ ሲያርቀው ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል። በሌላው ወቅት 27 እና 28 ዲግሪ የነበረው ከ20 በታች የሚወርድበት ቦታ አለ። ወዲያ በፓስፊክ ደግሞ የምድር ወገብ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ ይባላል፤ የኛ ሰሜን ክረምት ብዙውን ጊዜ ይሳሳል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዴት እንደከዳን ገበሬ ወላጅ ያለው ተማሪ ሁሉ ያስታውሳል፤ ባያስታውስም ቤቱ ጠይቆ ይመጣል። በዚያ ድርቅ ወደ 10 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈልጓል። ያንን የውሃ ሙቀት ቀድመው ከሚነግሩን አንዱ እነዚህ ተንሳፋፊዎች ናቸው።

አሁን ወደ ጣና።

የመጀመሪያው ቀን መሣሪያ አይሥሩ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ይግዙ፤ 20 ይበቃል። እነዚህ አብዛኛው አካላቸው ውሃ ውስጥ ሰምጦ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ ብዙ አይዛቸውም። የባሕር ተመራማሪዎችም ይጠቀሙባቸዋል። ባይሰበሰቡ እንኳ ሐይቁን አይበድሉም። ዳር ላይ ሆነው በአንድ ሰዓት ውስጥ ወዴት እንደሄዱና ምን ያህል እንደተበታተኑ ያያሉ። መበታተኑን በደንብ ይዩት። አብረው የተነሱ ሎሚዎች አብረው አይደርሱም። እንደ ሽማግሌ ዳኝነት ነው፤ በአንድ ምስክር አይፈረድም። ለዚህ ነው ከአንድ ጥሩ መሣሪያ ስድስት ተራ መሣሪያ የሚሻለው።

ከዚያ ተንሳፋፊውን ይሥሩ። ሁለት የቀርከሃ ዘንግ፣ እያንዳንዱ 70 ሴንቲ ሜትር፣ በመስቀል ቅርጽ ይታሰራሉ፤ ከታችም ሌላ ሁለት። መካከላቸው ላይ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ይቆማል። በላይኛውና በታችኛው መስቀል መካከል አቡጀዲ ወይም ሸራ ይወጠራል። ከላይ ሲያዩት የመደመር ምልክት ይመስላል። ውሃው ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ጨርቁን ያገኘዋል። ከሥሩ ድንጋይ ይንጠልጠል። በላይኛው መስቀል አራት ጫፎች ላይ ባዶ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይታሰር። አሁን በርሜል ውሃ ውስጥ ይሞክሩት። የሃይላንዶቹ ጀርባ ብቻ ከታየ ልክ ነው። ብዙ ከተንሳፈፈ ድንጋይ ይጨምሩ። ለመለየት ቀጭን ሸንበቆ ላይ ትንሽ ቀይ ጨርቅ ያድርጉ፤ ከመዳፍ አይብለጥ፤ ነፋስ የሚይዝ ሸራ እንዳይሆንብዎ።

አንዱን ሆን ብለው ያለ አቡጀዲው ይልቀቁት። እሱ የነፋሱ ምስክር ይሆናል። ከሌሎቹ ጋር ያለው ልዩነት የቀኑ ምርጥ ትምህርት ነው። አጠገባቸው የሚሄድ እምቦጭ ካገኙ እሱንም ይከታተሉት። ወፍራም ቅጠሉ እንደ ሸራ ስለሚሠራ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። በጣና መታየቱ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደምቢያና ፎገራ በኩል ያለው ዳርቻ ለምን እንደተጨነቀ ለማሰብ ጥሩ መነሻ ነው። ግን አይንኩት። አንድ ቅንጣት እንኳ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይወሰድ አደራ።

ከመልቀቅዎ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ይጻፍ። በነፋስ የሚነዳ የላይ ውሃ በተለምዶ የነፋሱን ፍጥነት ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ይዞ ይሄዳል። ቀላል ባንዲራ ተዘርግቶ ሲውለበለብ ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በሰዓት ከ360 እስከ 540 ሜትር ይሄዳል። ተማሪው ይህን ወረቀቱ ላይ ጽፎ ይፈርም። ግምት ሳይጽፍ ያየ ልጅ «እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው» ማለቱ አይቀርም።

መከታተያው ውድ መሆን የለበትም። በጀልባ ተጠግቶ በስልክ ጂፒኤስ ቦታውን መመዝገብ አንድ መንገድ ነው። ጀልባ ከሌለ ሁለት ቡድን ዳር ላይ ይቁም፤ መካከላቸው ያለው ርቀት ይለካ፤ ቢያንስ 500 ሜትር ይሁን። በስልክ እየተነጋገሩ በተመሳሳይ ደቂቃ ቀዩን ጨርቅ በኮምፓስ ያነጣጥሩ። ሁለቱ መስመሮች ካርታ ላይ የሚቋረጡበት ነጥብ ተንሳፋፊው ያለበት ነው። በየ15 ደቂቃው ይድገሙት። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ሁሉም ተማሪ እጁን ያስገባበታል።

ጊዜውን በተመለከተ ታንኳ ቀዛፊዎችን ይጠይቁ፤ በተለይ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን የነገደ ወይጦ አባቶች። ጠዋት ሐይቁ ይተኛል። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቅና ነፋስ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነሳል፤ ባሕር ዳር ላይ ከሰሜን የሚመጣ ይሆናል። ወደ ገዳማቱ የሚወስዱ ጀልባዎች ጠዋት መውጣት የሚመርጡት ለዚሁ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ለቀው እስከ 8 ሰዓት ቢከታተሉ ሁለቱንም ባሕርይ ያያሉ። ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሁን፤ በክረምት ተማሪ ይዞ ሐይቅ ላይ መውጣት አያስፈልግም።

ሙቀቱን ሲለኩ መጀመሪያ ቴርሞሜትሮቹን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ይክተቱ። የተለያየ ቁጥር ይነግሩዎታል፤ ልዩነቱን በየአንዳንዱ ላይ ይጻፉበት። በሚቀልጥ በረዶ ዜሮን ማረጋገጥ ይቻላል። በፈላ ውሃ ግን 100 ዲግሪን አይጠብቁ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው። ቴርሞሜትሩ 94 ቢል አልተበላሸም። ሐይቁ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ጥልቀት፣ ለምሳሌ በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ይለኩ። ጥልቁን ለማወቅ ድንጋይ የታሰረበት ጠርሙስ በቡሽ ዘግተው ያውርዱ፤ ሲደርስ ቡሹን በሲባጎ ይሳቡት፤ ሲሞላ ቶሎ አውጥተው ይለኩ። ቀትር ላይ ነፋስ ካልነፈሰ ከላይ ሞቅ ብሎ ያገኙታል። ነፋሱ ከነፈሰ በኋላ ልዩነቱ ይጠባል። ጣና ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ እስከ ታች ያማስለዋል።

ሦስት ነገር አደራ። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበትና የሐይቁን ውሃ ወደሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በር አይጠጉ፤ ውሃው ይስባል፤ ጉማሬም አለ። ማንም ልጅ በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ አይቁም፤ በዳርቻው ቢልሃርዝያ አለ። ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ የሕይወት አድን ሰደርያ ይልበስ፤ ከሌለ ሥራው ከዳር ይሁን።

ለሁለተኛው ዓመት የሚሆን ጥያቄም ላቀብልዎ። ግልገል ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። የጥንት ሰዎች ይህን ሲሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። በክረምት ቡናማው የወንዝ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ራቅ ብሎ ገብቶ፣ ድንበሩ በዓይን ይለያል። ተማሪዎች ግን ይፈትኑት። ከወንዙ አፍ እስከ ዓባይ መውጫ ቀጥታው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሄድ በአራት ቀን ገደማ በደረሰ ነበር። ሐይቁ የያዘው ውሃ ግን ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ በዓመት ከሚወጣው ጋር ቢያነጻጽሩት አንድ ጠብታ በአማካይ ዓመታት ይቆያል። ታዲያ ከወንዙ አፍ ላይ የተለቀቁ ስድስት ተንሳፋፊዎች ምን ያደርጋሉ? ቀጥ ብለው ይመጣሉ ወይስ ይበታተናሉ? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ የአያቱን ወሬ አልናቀም፤ ከቁም ነገር ቆጥሮታል።

«ቢጠፋስ?» ላለችው ልጅ ይህን ይንገሯት። በጥር 1992 እ.ኤ.አ. ፓስፊክ ላይ አንድ መርከብ በማዕበል ተመታና የጫነው ሣጥን ወደ ባሕር ወደቀ። 28,800 የፕላስቲክ መጫወቻዎች፣ ዳክዬና ኤሊ የመሳሰሉ፣ ውሃው ላይ ተበተኑ። በኅዳር አካባቢ አላስካ ዳርቻ ላይ መውጣት ጀመሩ። ከርቲስ ኤቢስማየር የተባሉ ተመራማሪና ባልደረባቸው የተገኙበትን ቦታና ቀን ከሰዎች እየሰበሰቡ የሰሜን ፓስፊክን ፍሰት አጠኑበት። ማንም ሲጓዙ አልተከታተላቸውም። የተነሱበት ቀንና የተገኙበት ቀን ብቻ በቃ።

ስለዚህ የጠፋውን ዓሣ አስጋሪ ዘጌ ወይም ደቅ ላይ አግኝቶ ቢደውል ሥራው አልከሰረም። እያንዳንዱ ላይ ቁጥሩን፣ የተለቀቀበትን ቀንና «ያገኘ እባክዎ ይደውሉ» የሚል ከትምህርት ቤቱ ስልክ ጋር ይጻፉበት። በዘይት ቀለም ይሁን፤ ማርከር ውሃው ላይ ቶሎ ይለቃል።